ከኦጋዴን ጉድጓድ ግርጌ የወጣ ፍርፋሪ፦ መሠረት ዓለትን የመለየት ሥራ ማስታወሻ

መስከረም፤ ጥያቄው

ጉድጓዱ አሮጌ ነው፤ በኦጋዴን ተፋሰስ ሰሜን ምዕራብ ዳር የተቆፈረ። የማጠቃለያ ሪፖርቱ ስለ ግርጌው የሚናገረው በአንድ መስመር ነው፦ «ግራናይት፣ ሮዝማ፣ በጣም ጠንካራ»። ከዚያ በኋላ 40 ሜትር ገደማ ተቆፍሮ ቆሟል። ኮር፣ ማለትም ሳይፈጭ እንደ ዘንግ ተቆርጦ የሚወጣ የዓለት ናሙና፣ አልወጣም። ያለው በየ3 ሜትሩ የተሰበሰበ የቁፋሮ ፍርፋሪ፣ የጋማ ሬይ (የተፈጥሮ ጨረር)፣ የሬዚስቲቪቲ (ኤሌክትሪክን የመከልከል አቅም) እና የሶኒክ (የድምፅ ፍጥነት) መዝገብ፣ እንዲሁም የቁፋሮ ፍጥነት ሠንጠረዥ ነው።

ጥያቄው ይህ ነው፦ ቢቱ (የመቆፈሪያው ጥርስ) የደረሰበት እውነተኛው መሠረት ዓለት፣ ከደለል ንብርብሮች ሁሉ ሥር ያለው ጥንታዊ ዓለት፣ ነው ወይስ ግራናይት የሚመስል ደለል? በፐርሚያን ዘመን (ከ300 እስከ 250 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት) የስንጥቅ ሸለቆዎች ሲከፈቱ ከዳርቻው ከፍታ የተሸረሸረ ግራናይት ሩቅ ሳይሄድ እዚያው ተከማችቶ ሊጠነክር ይችላል። እንዲህ ያለው ፌልድስፓር የበዛበት አሸዋ ድንጋይ፣ አርኮዝ የሚባለው፣ ተፈጭቶ በከረጢት ሲመጣ ከተፈጨ ግራናይት ጋር መንታ ነው። ሌላው አማራጭ በደለሉ መሃል ሰርጎ የገባ የዶለራይት ንጣፍ ነው፤ እሱ ግን ጥቁር ስለሆነ ከ«ሮዝማ» ጋር አይገጥምም። ስለዚህ ትግሉ ከአርኮዝ ጋር ነው።

ልዩነቱ ለወረቀት ያህል ብቻ አይደለም። የስበትና የማግኔት ልኬት ወደ ተፋሰስ ጥልቀት የሚለወጠው መሠረቱን በነካ ጉድጓድ ተስተካክሎ ነው። አርኮዙን መሠረት ብሎ የመዘገበ ሰው ከሥሩ ያለውን ደለል በሙሉ ከካርታው ሰርዟል። በኦጋዴኑ የካሉብ የጋዝ መስክ ጋዝ ከያዙት ንብርብሮች አንዱ ከታች ያለው የካሉብ አሸዋ ድንጋይ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይህ ስረዛ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው።

ጥቅምት፤ ከመጋዘን

ሁለት ዓይነት ናሙና ተገኘ። አንዱ ታጥቦ የደረቀና በትንንሽ ፖስታ የተቀመጠ ነው፤ በአንዱ ፖስታ 15 ግራም ገደማ አለ። ሌላው ያልታጠበ፣ በጨርቅ ከረጢት ያለ፣ ግማሽ ኪሎ የሚሞላ ነው። ለዓይን ምርመራ የታጠበው ይመቻል፤ የዓለት ዕድሜ ለሚለካበት ማዕድን፣ ለዚርከን፣ ግን ያልታጠበው ይመረጣል፤ ድሮ ያጠበው ሰው ደቃቁን ከውሃው ጋር ደፍቶታልና።

ለማንኛውም ሥራ ግማሹ ብቻ ይወሰዳል፤ ቀሪው በዚያው ከረጢት ይቆያል። አከፋፈሉ በናሙና መክፈያ ሣጥን ነው። በማንኪያ ከላይ መጨለፍ አይገባም፤ ከረጢት ተቀምጦ ሲነቀነቅ ከባዱና ደቃቁ ወደ ታች ይወርዳል፣ የምንፈልገው ዚርከን ደግሞ ከባድም ደቃቅም ነው።

ከመታጠቡ በፊት ጥልቀቱ መመርመር አለበት። ፍርፋሪው ፓምፕ በሚገፋው የቁፋሮ ጭቃ ተሸክሞ ከግርጌ ተነሥቶ እስኪወጣ ጊዜ ይወስዳል፤ ከረጢቱ ላይ የተጻፈው ጥልቀት ያን ጊዜ በማስላት የተገኘ ነው። በ8½ ኢንች ጉድጓድና በ5 ኢንች ቧንቧ መካከል ያለው ክፍተት በሜትር 23.9 ሊትር ይይዛል። በ3,000 ሜትር ላይ 72 ሜትር ኩብ ያህል ይሆናል፤ ፓምፑ በደቂቃ 1.8 ሜትር ኩብ ሲገፋ ፍርፋሪው በ40 ደቂቃ ይወጣል። ግድግዳው ተቦርቡሮ ወደ 9½ ኢንች ቢሰፋ ግን ጊዜው 55 ደቂቃ ይደርሳል። ባልታየው 15 ደቂቃ ውስጥ በሰዓት 15 ሜትር በሚቆፈር አሸዋ ድንጋይ 4 ሜትር ሊጠጋ የሚችል ስሕተት ይገባል። በሰዓት 2 ሜትር በሚቆፈር ግራናይት ግን ግማሽ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ የግራናይቱ ከረጢቶች ጥልቀት ይታመናል፤ የሚያጠራጥሩት ግራናይቱ ከሚጀምርበት ወሰን በላይ ያሉት ናቸው።

ጥቅምት፤ እጥበት

ውሃ፣ ለስላሳ ብሩሽና ሦስት ወንፊት፦ 2 ሚሊሜትር፣ 0.5 ሚሊሜትር እና 75 ማይክሮን (0.075 ሚሊሜትር)። የብረት ወንፊት ለላይኞቹ ሁለቱ ብቻ ነው። ለ75 ማይክሮኑ የናይለን ጨርቅ በፕላስቲክ ቀለበት ተወጥሮ ይሠራል፤ ከእያንዳንዱ ናሙና በኋላም ይጣላል። ምክንያቱ የታወቀ ነው፦ ዚርከን በሽቦ ቀዳዳ ውስጥ ይቀረቀራል፣ በሚቀጥለው ናሙናም ይወጣል፤ አንዲት የባዕድ ፍሬ ብቻዋን የተሳሳተ ዕድሜ ታስነግራለች።

75 ማይክሮን የተመረጠው በባራይት ምክንያት ነው። የቁፋሮ ጭቃን ለማክበድ የሚጨመር ባራይት በኤፒአይ (የአሜሪካ ነዳጅ ተቋም) ደረጃ መሠረት ከ75 ማይክሮን በላይ የሚቀረው ከ3 በመቶ መብለጥ የለበትም። ስለዚህ በዚህ ወንፊት አብዛኛው ባራይት ያልፋል፣ ትልልቁ ዚርከን ይቀራል። የሚያልፈው ደቃቅ አይደፋም፤ ትንንሽ ዚርከን አብሮ አለና በተለየ ማሰሮ ይጠበቃል። ማድረቂያው ከ50 ዲግሪ አይበልጥም፤ ከዚያ በላይ ሲሞቅ ሸክላው ደርቆ ከፍርፋሪው ጋር ይጣበቃል።

ኅዳር፤ በማይክሮስኮፕ ሥር

ከእያንዳንዱ ከረጢት 300 ፍርፋሪ እየተቆጠረ በዓይነቱ ይመዘገባል። መጀመሪያ የሚወገደው ከዓለቱ ያልመጣው ነው። የቢትና የቧንቧ ብረት በማግኔት ይነሣል፤ ማግኔቱ በቀጭን ፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ አለበለዚያ ማጽዳቱ አይቻልም። ሲሚንቶ ግራጫ የኖራ ድንጋይ ይመስላል፣ በ10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድም ይፈላል፤ ፍርፋሪው ተሰብሮ አዲሱ ፊት ላይ የፌኖልፍታሊን ጠብታ ሲደረግ ሮዝ ከሆነ ሲሚንቶ ነው። ዘመን የጠገበ ሲሚንቶ ግን አየር ስለበላው ቀለሙን ላይሰጥ ይችላል፤ ስለዚህ «ሮዝ አልሆነም» ማለት ብቻውን ነጻ አያወጣም።

ከሁሉም አደገኛው ሚካ ነው። ጭቃው ወደ ዓለቱ ስንጥቅ እየሰረገ ሲጠፋ መድፈኛ ተብሎ የሚጨመረው ነገር የለውዝ ቅርፊት፣ የሴሎፎን ቁራጭና የሚካ ቅጠል ነው። ሚካውን ያየ ሰው «ሺስት (ሚካ የሚበዛበት የመሠረት ዓለት ዓይነት) ገባን» ብሎ ይጽፋል። መለያው፦ የመድፈኛ ሚካ ብቻውን የሚገኝ፣ ሰፊ፣ ጠርዙ የተቀደደ ቅጠል ነው፤ የዓለቱ ሚካ ግን ቢያንስ በጥቂት ፍርፋሪዎች ላይ ከኳርትዝ ወይም ከፌልድስፓር ጋር እንደተያያዘ ይገኛል። የቆፋሪዎቹን የዕለት መዝገብ ገልጦ ሚካ የተጨመረበትን ጥልቀት ማየት ክርክሩን ያሳጥራል። እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ከግራናይቱ በላይ ባለው ክፍል ተጨምሯል፤ ስለዚህ ለብቻው የተገኘ የሚካ ቅጠል በሙሉ ከቆጠራ ወጥቷል።

ቀጥሎ ከላይ የወደቀው። ከጉድጓዱ ግድግዳ የሚረግፈው ሼል (የጠነከረ ጭቃ ድንጋይ) ረዘም ያለ፣ ስንጥርጥር የሚል፣ ከሌላው ፍርፋሪ የሚተልቅ ነው፤ ከላይ ካሉት ንብርብሮች አንዱ የሆነው የሐማንሌይ የኖራ ድንጋይ ደግሞ በአሲድ ወዲያው ይታወቃል። ሁለቱም እስከ መጨረሻው ከረጢት አሉ። ይህ የሚያስደነግጥ አይደለም። ደንቡ፦ በፍርፋሪ ሥራ የሚታመነው አንድ ዓለት ወደ ታች ሲወርዱ መጀመሪያ የታየበት ቦታ ነው፤ የጠፋበት ቦታ አይታመንም፣ ከላይ መርገፉ አያቆምምና።

አሁን ዋናው። በግራናይቱ ክፍል ያለው ፍርፋሪ ኳርትዝ፣ ሮዝ ፌልድስፓር፣ ነጭ ፌልድስፓርና ጥቂት ባዮታይት (ጥቁር ሚካ) ነው። አብዛኛው ነጠላ ፍሬ ነው፤ ነጠላ ፍሬ ደግሞ ምንም አይመሰክርም፤ ከአርኮዝም ከግራናይትም እኩል ሊመጣ ይችላል። የሚመሰክረው ሁለት ወይም ሦስት ማዕድን ያለ ሙጫ እርስ በርስ ተቆላልፎ የያዘው ጥምር ፍርፋሪ ነው።

ጥምር ፍርፋሪም ቢሆን ያለ ማነጻጸሪያ አይፈረድበትም። ስለዚህ ከባቢሌ አጠገብ፣ ከዳካታ ሸለቆ ግራናይት አካባቢ ሁለት ናሙና ተዘጋጀ። አንዱ በብረት ሙቀጫ የተሰበረ ትኩስ ግራናይት ነው። ሌላው እነዚያ ተደራርበው የቆሙ ቋጥኞች እየፈረሱ በጅረቱ ውስጥ ያከማቹት አሸዋ ነው፤ ነገ አርኮዝ የሚሆነው ይኸው አሸዋ ነውና። ሁለቱም በተመሳሳይ ወንፊት አልፈው ጎን ለጎን ታዩ። ከ2 ሚሊሜትር በላይ በሆነው ክፍል የጅረቱም አሸዋ በጥምር ፍርፋሪ የተሞላ ነው፤ ስለዚህ ትልቅ ጥምር ፍርፋሪ ማስረጃ አይሆንም። ልዩነቱ የሚታየው ከ0.5 እስከ 1 ሚሊሜትር ባለው ክፍል ነው፦ በተሰበረው ግራናይት ጥምር ፍርፋሪ እዚያም በብዛት አለ፣ በጅረቱ አሸዋ ግን ተለያይቶ ነጠላ ፍሬ ሆኗል። ሁለተኛው መለያ ጠርዝ ነው፤ የጅረቱ ጥምር ፍርፋሪ ማዕዘኑ የደነዘዘ፣ የብረት ዝገት የለበሰ ነው፤ የተሰበረው ስለታም፣ ፊቱ ንጹሕ ነው። የጅረቱን አሸዋ ቢት እንደገና ቢሰብረው አንድ ፊቱ ንጹሕ ሌላው የለበሰ ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ድብልቅ ፊት ያለው ፍርፋሪ ለብቻው ይቆጠራል።

በዚህ ሚዛን የጉድጓዱ ግርጌ ከረጢቶች ወደ ተሰበረው ግራናይት ያደላሉ። ከወሰኑ በታች ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ከረጢቶች ግን የለበሰ ፊት የበዛባቸው፣ ፌልድስፓሩም የደፈረሰና ወደ ነጭ ሸክላ የተለወጠ ነው። ይህ የጥንቱ መሬት ገጽ ላይ አየርና ዝናብ የበላው የግራናይት አናት ሊሆን ይችላል፤ ወይም ቀጭን አርኮዝ። ለጊዜው «ያልተወሰነ» ተብሎ ተጽፏል፤ ለዕድሜ ልኬትም አይመረጥም።

የፖታሽየም ፌልድስፓርን በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ አለስልሶ በሶዲየም ኮባልቲናይትራይት ቢጫ ማቅለም የታወቀ ዘዴ ነው። የሚሠራ የጭስ መምጠጫና የካልሲየም ግሉኮኔት ቅባት በሌለበት ክፍል ግን ፈጽሞ አይሞከርም፤ ያ አሲድ ቆዳን አልፎ አጥንት ድረስ ይገባል። እኛ በቀጭን ቁራጭ ላይ የማይክሮክሊንን (የፖታሽየም ፌልድስፓር አንዱን ዓይነት) ጥልፍልፍ መስመር በማየት ተክተነዋል። ማይክሮክሊን በዝግታ የቀዘቀዘ ጥልቅ ዓለት ምልክት ስለሆነ ከማቅለሙ የበለጠ ይናገራል።

ታኅሣሥ፤ ከመዝገቦቹ ጋር ማገናዘብ

ጋማ ሬይ ብቻውን ያሳስታል። ግምቱ በየ1 በመቶ ፖታሽየም 16፣ በየ1 ፒፒኤም (ከሚሊዮን አንድ እጅ) ዩራኒየም 8፣ በየ1 ፒፒኤም ቶሪየም 4 ኤፒአይ (የጋማ ሬይ መለኪያ አሃድ) ነው። 4 በመቶ ፖታሽየም፣ 4 ፒፒኤም ዩራኒየምና 17 ፒፒኤም ቶሪየም ያለው ግራናይት 164 ያህል ያነባል። ከዚያው ግራናይት የተሸረሸረ አርኮዝ ፌልድስፓሩን ስላልጣለ ብዙም አይርቅም፤ ሼልም እዚያው አጠገብ ነው።

የሚለየው ቀዳዳ ነው። ትኩስ ግራናይት ውሃ የሚይዝበት ቦታ የለውም፤ ስለዚህ ሬዚስቲቪቲው ከ1,000 ኦም ሜትር ያልፋል፣ ድምፅም በፍጥነት ይሄድበታል፣ አንድ ጫማ (ፉት) ለማቋረጥ ከ50 እስከ 55 ማይክሮ ሰከንድ ይፈጅበታል። ጨዋማ ውሃ የሞላበት አርኮዝ ሬዚስቲቪቲው ዝቅ ይላል። እዚህ ሦስቱ መዝገቦች አንድ ላይ የሚዞሩት ፍርፋሪው ንጹሕ ከሆነበት ጥልቀት ነው፤ ካልተወሰኑት ሁለት ከረጢቶች በታች ማለት ነው። የቁፋሮው ፍጥነትም እዚያው ወርዷል። ሆኖም ፍጥነት ቢት ሲደነዝዝም ይወርዳልና ቢቱ የተቀየረበት ጥልቀት ሳይታይ ማስረጃ አይሆንም። በደንብ የጠነከረ፣ ቀዳዳው በሲሊካ የተደፈነ አርኮዝ ሦስቱንም መዝገብ ሊያታልል ስለሚችል ጉዳዩ እዚህ አይዘጋም።

ታኅሣሥ፤ ኬሚስትሪ፣ በአጭሩ

ሙሉ የኬሚካል ትንተና ከተፈለገ በእጅ የተለቀመ ጥምር ፍርፋሪ 5 ግራም ይበቃል፤ መፍጫው አጌት ይሁን። የተንግስተን ካርባይድ መፍጫ ተንግስተንና ኮባልት ይጨምራል፤ ቢቱም ራሱ ያንኑ ጨምሯል። ባሪየምና ስትሮንሺየም በባራይት ስለሚበከሉ ከሠንጠረዡ ይሰረዛሉ። ጭቃው ፖታሽየም ክሎራይድ ከነበረበት ፖታሽየሙም ይጠረጠራል።

ጥር፤ ዚርከን መሰብሰብ

መጀመሪያ ሒሳቡ። ግራናይቱ 150 ፒፒኤም ዚርኮኒየም ቢኖረውና ሁሉም በዚርከን ውስጥ ቢሆን፣ ዚርከን በክብደቱ ግማሽ ያህሉ ዚርኮኒየም ስለሆነ፣ በ1 ግራም ዓለት 0.3 ሚሊግራም ይገኛል። 100 በ50 በ50 ማይክሮን የሆነች ፍሬ 1.2 ማይክሮግራም ገደማ ትመዝናለች። ስለዚህ 20 ግራም ፍርፋሪ በወረቀት ላይ 5,000 ፍሬ ይሰጣል። ከዚህ ላይ የሚያመልጠው ብዙ ነው፤ አብዛኛው በትልልቅ ፍርፋሪ ውስጥ እንደተቀበረ ይቀራል፣ ደቃቁም ከውሃ ጋር ይሄዳል። ቢሆንም ከ20 ግራም የሚፈለገውን ማግኘት ተስፋ የሚቆረጥበት ሥራ አይደለም። ዚርከን የሚያንስበት ጥቁር ዓለት፣ ጋብሮ ወይም አምፊቦላይት፣ ቢሆን ኖሮ ግን ሙሉ ከረጢትም ላይበቃ ይችላል።

ቅደም ተከተሉ፦ በወርቅ ማጠቢያ ሳህን ማንጓለል፤ ከዚያ ቀላሉ ተንሳፎ ከባዱ የሚሰምጥበት፣ ከውሃ 2.85 እጥፍ የሚከብድ የሶዲየም ፖሊተንግስቴት ፈሳሽ፤ ከዚያ የማግኔት መለያ፣ ከ0.4 አምፔር ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ላይ። ለዚሁ የሚያገለግለው ሌላ ከባድ ፈሳሽ፣ ብሮሞፎርም፣ መርዛማ ስለሆነ ተትቷል። የተንግስቴቱ ፈሳሽ በቧንቧ ውሃ አይታጠብም፤ ካልሲየም ሲያገኘው ነጭ ዝቃጭ ይሠራል፣ ውድ ፈሳሽም ይበላሻል። የተጣራ ውሃ ብቻ።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ነው። ዚርከን ከውሃ 4.6 እጥፍ ገደማ ይከብዳል፤ ባራይት 4.5። ሳህኑም ፈሳሹም ማግኔቱም አይለያቸውም። በ75 ማይክሮኑ ወንፊት ያልተወገደው ባራይት በመጨረሻው ሰሃን ላይ ከዚርከኑ ጋር ተቀምጦ ይገኛል። መፍትሔው በሶዲየም ካርቦኔት ሙሌት ለሰዓታት ማፍላት ነው፤ ባራይቱ ወደ ባሪየም ካርቦኔት ይለወጣል። ከዚያ በተጣራ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ፣ ቀጥሎ ቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ። ማጠቡ ከተዘለለ የቀረው ሰልፌት አሲዱ ውስጥ ከባሪየሙ ጋር ተገናኝቶ መልሶ ባራይት ይሆናል፤ ሥራው ከንቱ ይቀራል። የሚወጣው አሲድ የሚሟሟ ባሪየም ስለያዘ መርዝ ነው፤ ሶዲየም ሰልፌት ተጨምሮበት ባሪየሙ ከዘቀጠ በኋላ ብቻ ይወገዳል። አፓታይት የተባለው ሌላ ማዕድን የሚፈለግ ከሆነ ከዚህ እርምጃ በፊት ይለቀም፤ አሲዱ ያሟሟዋል።

የካቲት፤ በፍርፋሪው ውስጥ ያለው ዚርከን

ተንጓሎ የተገኘው ዚርከን ንጹሕ ነው፤ ያም ሆኖ ከየት እንደመጣ የሚናገርለት የለም። ከላይ የረገፈ አሸዋ ድንጋይ ውስጥ የነበረ ፍሬም እዚያው ሰሃን ላይ ነው። የዚህ ሥራ ትልቁ አቋም ይህ ነው፦ ዕድሜ የሚለካው በመጀመሪያ ከኳርትዝና ከፌልድስፓር ጋር እንደተቆላለፈ በጥምር ፍርፋሪ ውስጥ ባለው ዚርከን ላይ ነው፤ ነጻው ፍሬ ደጋፊ እንጂ ዋና ምስክር አይሆንም።

ለዚህም በእጅ የተለቀሙ ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር የሆኑ ጥምር ፍርፋሪዎች 25 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ቅርጽ ውስጥ በቀጭን ኢፖክሲ ተይዘዋል። ከአንድ ከረጢት በላይ በአንድ ብሎክ አልተቀላቀለም። ማጠንከሪያው በሚዛን ይለካል፤ በዓይን ሲጨመር ሙጫው ይሞቅና አረፋ ይሠራል፣ አረፋው ፍርፋሪውን ከሥር ይለቅቃል፣ ሲወለወል ተነቅሎ ይወጣል። ቫኩም ውስጥ ማስገባት ይረዳል። መደበኛው የ30 ማይክሮን ቀጭን ቁራጭ ለዚህ አይሆንም፤ ለዕድሜ ልኬት ዚርከኑን የሚያተነው ሌዘር ከ15 እስከ 20 ማይክሮን ስለሚቆፍር፣ ገሚሱ የተላገ ዚርከን ይበሳና መስታወቱን ይለካል። ብሎኩ እንዳለ ይወለወላል።

በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ዚርከን እንደ ብልጭታ ይታያል። ባራይትም እንዲሁ፤ በፍርፋሪ ስንጥቅ ውስጥ የገባ ጭቃ አለና። ሁለቱን የሚለየው የኤክስሬይ ስፔክትረም ነው፦ ዚርኮኒየምና ሲሊከን ወይስ ባሪየምና ሰልፈር። በስንጥቅ ላይ የተቀመጠ ዚርከን፣ ስፔክትረሙ ትክክል ቢሆንም፣ አይመረጥም። ለእያንዳንዱ የተመረጠ ፍሬ የካቶዶሉሚነሰንስ ምስል (በኤሌክትሮን ሲመታ በሚሰጠው ብርሃን የውስጥ ንብርብሩን የሚያሳይ) ተነሥቷል፤ ውስጠኛው እምብርትና ውጫዊው ልባስ በተለያየ ዘመን ያደጉ ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ 30 ማይክሮኑ የሌዘር ነጥብ ሁለቱን ረግጦ እንዳያርፍ።

መጋቢት፤ ብሎኮቹ ወደ ላቦራቶሪ

ከብሎኮቹ ጋር የተላከው መመሪያ፦ ዕድሜያቸው አስቀድሞ ከታወቀ ዚርከኖች ማስተካከያው 91500 የተባለው፣ 1,065 ሚሊዮን ዓመት፤ መቆጣጠሪያው ፕሌሾቪትሰ፣ 337 ሚሊዮን ዓመት። መቆጣጠሪያው በትክክል ካልተነበበ የዚያ ዙር ውጤት ሙሉ በሙሉ አይገባም። ዕድሜው የሚሰላው በዚርከኑ ውስጥ ያለው ዩራኒየም በታወቀ ፍጥነት ወደ እርሳስ ስለሚለወጥ ነው፦ ከ1,000 ሚሊዮን ዓመት በታች ለሆነ ፍሬ የዩራኒየም 238 እና የእርሳስ 206 ጥምርታ፣ ከዚያ በላይ ለሆነ የእርሳስ 207 እና 206 ጥምርታ። ሁለቱ ሰዓቶች (ጥምርታዎቹ የሚሰጡት ዕድሜ) ከ10 በመቶ በላይ ከተለያዩ ፍሬዋ ትመዘገባለች፤ አማካይ ውስጥ ግን አትገባም።

ውጤቱ ከመምጣቱ በፊት አነባበቡ ተጽፎ መቀመጥ አለበት፤ ቁጥሩ ከታየ በኋላ የሚጻፍ መስፈርት ቁጥሩን ለመምሰል ይጎነበሳል። ከተለያዩ ከረጢቶች የመጡ ፍርፋሪዎች ሁሉ አንድ ዕድሜ ከሰጡና ያም ከ850 እስከ 550 ሚሊዮን ዓመት ባለው የምሥራቅ አፍሪካ ተራራ ምሥረታ ዘመን ውስጥ ከወደቀ፣ መሠረቱ ተነክቷል ተብሎ ይወሰዳል። ፍርፋሪ ከፍርፋሪ ዕድሜው የሚለያይ ከሆነ ከብዙ ምንጭ የተሰበሰበ ጠጠር ነው፤ አርኮዙ ያሸንፋል። አሮጌ እምብርት፣ ለምሳሌ ከ1 ቢሊዮን ዓመት በላይ፣ በወጣት ልባስ ተሸፍኖ ከተገኘ ግራናይቱን አይሽረውም፤ ማግማው ያቀለጠው ጥንታዊ ቅርፊት ትቶት የሄደ ነው። በሐረርና በድሬዳዋ በኩል በወለል በሚታየው መሠረት ዓለት ላይም የእንዲህ ያለ ጥንታዊ ቅርፊት አሻራ ታትሟል። ነጻዎቹ ፍሬዎች በፍርፋሪው ውስጥ የሌለ ዕድሜ ካመጡ የሚለካው የብክለቱ መጠን ነው፤ የዓለቱ ዕድሜ አይደለም።

ፖታሽየም ወደ አርጎን ጋዝ መለወጡን የሚቆጥር የቆየ የፖታሽየም አርጎን ዕድሜ በአሮጌ ሪፖርት ውስጥ ያገኘ ሰው ያንን ከዚህ ጋር እንዳያምታታ። ባዮታይት አርጎኑን መያዝ የሚጀምረው 300 ዲግሪ ገደማ ሲቀዘቅዝ ነው፤ ስለዚህ የሚነግረው የመቀዝቀዣውን ጊዜ ነው። ኬኔዲ እ.ኤ.አ. በ1964 ፓን አፍሪካን ብሎ የሰየመው የ500 ሚሊዮን ዓመት ግድም ሙቀት በአህጉሩ ሰፊ ክፍል እነዚህን ሰዓቶች ወደ ዜሮ መልሷቸዋል፤ በጣም አሮጌ ናይስም (በሙቀትና በግፊት የተለወጠ ዓለት) 500 ብሎ ሊመልስ ይችላል።

መጋዘኑ የገባው፦ ከእያንዳንዱ ከረጢት ያልተነካው ግማሽ፣ የቆጠራው ሠንጠረዥ፣ ከ75 ማይክሮን ያለፈው ደቃቅ በማሰሮ፣ ያልተወሰኑት ሁለት ከረጢቶች ደግሞ በቀይ ምልክት። ላቦራቶሪው መጀመሪያ የሚለካው የመጨረሻውን፣ ከሁሉ የጠለቀውን ከረጢት ብሎክ ነው፤ ከዚያ ወደ ላይ።